ከቀጠሮ የቀረውን ሰው ለምትፈልጉት

ይድረስ፦ በየጤና ጣቢያውና በየሆስፒታሉ የኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክትትል ክፍል ለምታገለግሉ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ ሐኪሞች፣ ፋርማሲስቶች፣ የመረጃ ሠራተኞችና ኬዝ ማናጀሮች

 

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ታላቅ ወንድሜን አስፈቅጄ ነው። «ስሜንና ሰፈሬን አትጥሪ፤ ሌላውን ግን እንዳለ ጻፊው» ብሎኛል። እሱ ራሱ ከክፍላችሁ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ሳይላችሁ ወጥቶ አያውቅም። የእህት ምስጋና ግን እስከ ዛሬ አልደረሳችሁም። ወንድሜን ስትይዙት ቤታችንን ነው የያዛችሁልን፤ ይህን በአደባባይ ልነግራችሁ ፈለግሁ።

ወንድሜ መድኃኒት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መታደል በጀመረበት ዓመት። ከዚያ በፊት፣ ከ1995 ዓ.ም. አንሥቶ፣ መድኃኒቱ በክፍያ ነበር የሚሰጠው። በየወሩ የሚጠየቀውን ገንዘብ የኛ ዓይነት ቤተሰብ ሊከፍል የሚችለው የቤት ዕቃውን እየሸጠ ነበር፤ ዕቃው ሲያልቅ ደግሞ መድኃኒቱም ያልቃል። የእድር ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ የሚተከልበት ዘመን ነበር። ዛሬ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ያንን ጊዜ በወሬ እንጂ በዓይናቸው አያውቁትም። ሰው መድኃኒቱን «ዕድሜ ማራዘሚያ» ይለው ነበር፤ ይራዘማል የተባለው ዕድሜ ግን ሁለትና ሦስት ዓመት እንጂ ልጅ አሳድጎ ለመዳር የሚበቃ ነው ብሎ ያሰበ በሰፈራችን አልነበረም። ወንድሜ ባለፈው ዓመት ልጁን ድሯል።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ ተብሏል። ገንዘቡን ስለሰጡት፣ ስለ ግሎባል ፈንድና ስለ አሜሪካው ፔፕፋርም ብዙ ተጽፏል፤ የሚገባቸውም ነው። እኔ የማመሰግነው ግን ብዙ ሰው ያላየውን ሥራችሁን ነው። ኤችአይቪ በመድኃኒት ይታፈናል እንጂ ከሰውነት አይወጣም። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ ተመልሶ ይነሣል፤ እየተቋረጠ እየተጀመረ ሲወሰድ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምደውና የሚያስታግሰው ይጠፋል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚሠራው ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲመላለስ ብቻ ነው። ሕክምና ቤቶቻችን ደግሞ ለዚህ አልተሠሩም ነበር። ለወባ፣ ለወሊድ፣ ለስብራት፣ ለሳንባ ምች ነው የተሠሩት። በሽተኛው ይመጣል፣ ይታከማል፣ ይሄዳል። ካልተመለሰ ድኗል ይባላል፤ ወይም ሞቷል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው አልነበረም።

እናንተ የቀጠሮ መዝገብ ከፈታችሁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ማታ ላይ፣ ተገልጋዩ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ እረኛ ከብቱን ቆጥሮ እንደሚያስገባ የዕለቱን ካርዶች ትቆጥራላችሁ። የመጣው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ያልመጣው ካርዱ ለብቻ ይወጣል። ያ ካርድ በማግስቱ ኬዝ ማናጀሯ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። እሷ ስልክ ትደውላለች። ስልኩ ካልሠራ ታካሚው በመጀመሪያው ቀን የሰጠውን የቅርብ ሰው ቁጥር ትሞክራለች። እሱም ካልሆነ በእግሯ ትሄዳለች።

እንዴት እንደምትሄድ ልናገር፤ ምክንያቱም ከሥራችሁ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ይኸው ነው። ነጭ ጋዋን አትለብስም። የጤና ጣቢያ መኪና አታስቆምም። ጎረቤት ቢጠይቃት የሥራ ባልደረባ ነኝ ትላለች፤ ወይም የእቁብ ሰው። ወንድሜ ከቀጠሮ በቀረ ጊዜ ደጃችንን ያንኳኳችው ሴት መጀመሪያ ያገኘችው እናቴን ነበር። እናቴ በጊዜው የልጇን ነገር አታውቅም። ሴትየዋ ቡና ተፈልቶላት፣ ቁርስ ቀርቦላት፣ ስለ ገበያና ስለ ዝናብ ስታወራ ቆይታ፣ ወንድሜ ከሥራ ሲገባ «ና እስኪ ሸኘኝ» ብላው አብረው ወጡ።

ወንድሜ መድኃኒቱን ያቆመው ስለከፋው አልነበረም፤ ስለተሻለው ነበር። ሰውነቱ ተመልሷል፣ ፊቱ ወዝ ይዟል፣ ሥራ ገብቷል። የዚያን ጊዜው መድኃኒት ደግሞ ቀላል አልነበረም፤ ስታቩዲን፣ ላሚቩዲን፣ ኔቪራፒን፣ ጠዋትና ማታ፣ በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ። ማታ የሁለት ሰዓት ዜና ሲጀምር ነበር የሚውጠው፤ የዜናው ሙዚቃ ሲሰማ ወደ ጓዳ ይገባል። ስታቩዲን እግሩን ያደነዝዘው ጀመር። አንድ ቀን ሳይውጥ አደረ፣ ምንም አልሆነም። ሳምንት ዋለ፣ ምንም አልሆነም። የዕድሜ ልክ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ፣ ስኳርም ይሁን ደም ግፊት፣ አንድ ቀን እዚህ ቦታ ላይ ይደርሳል። ማቆሙ ወዲያው ስለማይቀጣ ትክክል ይመስላል።

ሴትየዋ አልተቆጣችውም። ከቦርሳዋ የራሷን መድኃኒት አውጥታ አሳየችው። ያው ነው፤ የሱው ዓይነት። እሷም እግሯ እንደሚደነዝዝ፣ ማታ ካልሲ ለብሳ እንደምትተኛ፣ ለሐኪሙ ነግራ ሊቀየርላት እንደሆነ ነገረችው። «ነገ ከኔ ጋር እንገባለን፤ ያንተንም እንጠይቃለን» አለችው። በማግስቱ ገቡ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረለት። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ አላፈረሰም።

እንዲህ ያለችውን ሴት ማን ቀጠረ? ይህን አሠራር ማን አሰበው? በአገራችን የሕክምና ታሪክ ውስጥ ታማሚ ማለት በር ላይ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። እናንተ ግን ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎችን ጠረጴዛ ሰጥታችሁ፣ ሥልጠና ሰጥታችሁ፣ ደመወዝ ቆርጣችሁ ከሐኪሙ ጎን አስቀመጣችኋቸው። ለዚህ መንገድ የጠረጉትን ማንሣት ግዴታዬ ነው። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ መድኃኒቱ ገና ሳይታሰብ፣ ስማቸውንና ፊታቸውን ለሕዝብ አሳይተው «ቫይረሱ በደሜ አለ» ብለው የቆሙ የመቅድምና የተስፋ ጎህ ማኅበራት አባላት ነበሩ። ከቤት ተባርረዋል፣ ከሥራ ተባርረዋል፣ ብዙዎቹም መድኃኒቱ ሳይደርስላቸው አልፈዋል። ዛሬ ኬዝ ማናጀር የሚባለው ሥራ የቆመው በነሱ ድፍረት ላይ ነው። ነፍሳቸውን ይማር።

ሌላው የማመሰግናችሁ ሕመሙን ከሰውየው ነጥላችሁ ስላላያችሁት ነው። ወንድሜ በክትትል ቀኑ አንድ ክፍል ይገባል፤ እዚያው ይመዘናል፣ እዚያው ይጠየቃል፣ መድኃኒቱንም እዚያው አጠገብ ይወስዳል። በየጊዜው የሚጠየቃቸውን አራት ጥያቄዎች እኛ ቤት ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ሳል አለህ? ትኩሳት አለህ? ሌሊት ያልብሃል? ክብደት ቀንሰሃል? የሳንባ ነቀርሳ ጥያቄዎች ናቸው። ኤችአይቪ ያለበትን ሰው በብዛት የሚገድለው ነቀርሳ መሆኑ ስለታወቀ፣ የነቀርሳው ክፍልና የኤአርቲው ክፍል እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ነቀርሳ የተገኘበት ሁሉ ኤችአይቪ ይመረመራል፤ ኤችአይቪ ያለበት ሁሉ ስለ ነቀርሳ ይጠየቃል። ወንድሜ አንድ ጊዜ ለሦስተኛው ጥያቄ «አዎ፣ ትንሽ» ብሎ መለሰ። አክታው ተመረመረ፤ ነቀርሳው ገና ከጅምሩ ተገኘ። እሱ ያንን ላብ የክረምት ብርድ ልብስ ነው ያመጣው ብሎ ነበር።

እናቶች ነፍሰ ጡር ሲሆኑ ልጃቸው ነፃ ሆኖ እንዲወለድ የምታደርጉት፣ ሴቶችን ለማኅፀን በር ካንሰር የምትመረምሩት፣ የትዳር ጓደኛና ልጆች እንዲመረመሩ የምታግባቡት ሁሉ ከዚያችው ክፍል ነው የሚነሣው። የታካሚው ደም ከገጠር ጤና ጣቢያ ተነሥቶ የቫይረሱን መጠን የሚለካው የቫይራል ሎድ ማሽን ወዳለበት ላቦራቶሪ በፖስታ ድርጅት አማካይነት እንደሚጓዝ ስሰማ ደግሞ ልቤ ተነካ። ደብዳቤና ጥቅል ሲያመላልስ የኖረ ድርጅት የሰው ደም በበረዶ ሣጥን ይዞ እንዲዞር ያሰበ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዕድሜ ይስጠው።

ስለ ጠበሉም ሳላነሣ አላልፍም። እንጦጦ ማርያም ጠበል ለመጠመቅ ከየክፍለ ሀገሩ የመጣው ወገናችን መድኃኒቱን ጥሎ ሲቀመጥ ብዙ ሰው ጠፍቷል። እናንተ ግን እምነቱን አልተጋፋችሁም። ከካህናቱ ጋር ተነጋገራችሁ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ጠበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናኑ ሲናገሩ ስንቱ ቤተሰብ ዕፎይ አለ! የንስሐ አባታችንም እናቴን ያሳመኑት በዚሁ መንገድ ነው። እናቴ የልጇን ነገር ካወቀች በኋላ መድኃኒቱን ከጠበሉ ጎን ከመስቀሉ ሥር አስቀምጣለት ነበር።

ታካሚው ሲለወጥ እናንተም ትለወጣላችሁ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ መድኃኒት የሚጀመረው ሲዲ ፎር የተባለው የመከላከያ ሕዋስ ቁጥር ከ200 በታች ሲወርድ ነበር። በኋላ ቁጥሩ ከፍ እያለ ሄዶ በ2009 ዓ.ም. ገደማ ቫይረሱ የተገኘበት ሁሉ ወዲያው እንዲጀምር ተወሰነ። መድኃኒቱ ከሆስፒታል ወርዶ በጤና ጣቢያ፣ በነርስ እጅ መሰጠት ጀመረ። በቀን ብዙ እንክብል የነበረው በቀን አንድ ሆነ። በየወሩ መመላለስ የነበረበት ሰው፣ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ፣ ጤናው ከረጋና ቫይረሱ በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ከደረሰ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዞ ይሄዳል። ይህ ለቀን ሠራተኛው ምን ማለት እንደሆነ ደመወዝተኛ ሰው በቀላሉ አይገባውም። ቀጠሮ በቀረ ቁጥር የሚቀረው የቀን ገቢ ነው። እናንተም በዚህ የተረፋችሁን ጊዜ ገና ላልረጋው፣ አዲስ ለመጣው፣ ለጠፋው ሰው አዋላችሁት።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። ምስጋናዬ ሙሉ የሚሆነው የሷ ነገር ከጎኑ ሲቀመጥ ነው።

እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት የዕድሜ ልክ ታካሚዎች አሉን ማለት ነው። ልጇ ከቀጠሮ አንድ ቀን ቢያልፍ ስልክ ይደወላል። እናቴ ግን ወር ብትቀር፣ ዓመት ብትቀር፣ የሚጠይቃት የለም። የምትታከምበት ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ስኳሯን የሚያይ አንድ ሐኪም፣ ግፊቷን የሚያይ ሌላ ሐኪም፣ ዓይኗን የሚያይ ሌላ ሕንፃ ነበር። ካርዷ በአንዱ ቀን ይጠፋና አዲስ ይወጣላታል፤ አዲሱ ካርድ ላይ ደግሞ ያለፈው ታሪኳ የለም። የሦስት ወር የስኳር ልኬት ታዝዞላት ላቦራቶሪው መመርመሪያ አልቆበት ወደ ውጭ ትላካለች፤ ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ያዘዘው ሐኪም ተቀይሯል። በአንድ ወቅት ሁለት ሐኪሞች ያንኑ የግፊት መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም አዝዘውላት ሁለቱንም ስትውጥ ሰነበተች። ራሷን እያዞራት ወድቃ ነበር። ነገሩን የደረሰበት የሰፈራችን መድኃኒት ቤት ልጅ ነው። እግሯን ጫማ አስወልቆ ያየላት ሰው ደግሞ ለዓመታት አልነበረም፤ የስኳር በሽተኛ እግር መደንዘዙንና ቁስሉ ሳይሰማ እንደሚሰፋ ያልነገራት ሕክምና ቤት ነው አንዱን ጣቷን የቆረጠላት።

በዚያ ሆስፒታል የሚሠሩትን ሰዎች አልወቅስም። አንዲት ሲስተር በአንድ ጠዋት የምታስተናግደውን ሰልፍ አይቻለሁ። ስልክ የላትም፣ የቀጠሮ መዝገብ የላትም፣ ከቀጠሮ ማን እንደቀረ የሚቆጥርላት ሰው የለም። እናቴን ያጎደለባት የሰው ክፋት አልነበረም፤ የአሠራር ጉድለት ነው። ይህንንም ያወቅሁት ከእናንተ ነው። እናንተ ባትኖሩ ኖሮ ሕክምና ማለት እንዲህ ነው ብዬ እቀበለው ነበር።

«ኤችአይቪ ብዙ ገንዘብ ስለመጣለት ነው፤ ስኳርና ግፊት እንዲህ ሊያዙ አይችሉም» የሚሉኝ አሉ። ለነሱ የምመልሰው ጎንደርንና ጅማን ጠቅሼ ነው። የኤአርቲው ሥራ እንዲህ ሳይስፋፋ በፊት ጀምሮ፣ የጎንደር ሐኪሞች ከቆላና ከደጋ በእግር ተጉዘው የሚመጡት የስኳርና የሚጥል በሽታ ታካሚዎች ለምን እንደሚጠፉ አጥብቀው ጠየቁ። መልሱ መንገዱ ነበር። ኢንሱሊን የሚወስድ ገበሬ ለአንድ ብልቃጥ ሲል እርሻውን ጥሎ ቀናት ሊጓዝ አይችልም፤ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ መድኃኒቷ ባለቀ ቁጥር ምድጃ ላይ ትወድቃለች። ፕሮፌሰር ሽታዬ ዓለሙ በጎንደር፣ ዶክተር ዮሴፍ ማሞ በጅማ፣ በኢትዮጵያ በሐኪምነትና በመምህርነት ከሠሩት ከብሪታኒያዊው ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪና ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ክትትሉን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አወረዱት። የጤና ጣቢያው ነርስ ሠለጠነ። ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ አስምን፣ የሚጥል በሽታን በቅርብ እንዲከታተል ተደረገ፤ ከሆስፒታል ሐኪም በየጊዜው እየወረደ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ የከበደውን ይወስድለታል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ርካሽ መድኃኒት ነው። ፍሪጅ በሌለበት ቤት ኢንሱሊን በእርጥብ ሸክላ ውስጥ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ሥራ የሚገልጽ ጽሑፍ በብሪታኒያ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ መጽሔት ሲወጣ ርእሱ ላይ ለሌሎች አገሮች ምሳሌ መሆኑ ተጽፎ ነበር። ምሳሌው የተገኘው እኛው ዘንድ ነው፣ በእኛው ነርሶች እጅ፣ ብዙ ገንዘብ ሳይፈስበት።

ስለዚህ እናቴን ወደ ሰፈራችን ጤና ጣቢያ አዛወርናት። በዚያ ጤና ጣቢያ ቀድማ በኤአርቲ ክፍል የሠራች ሲስተር ተላላፊ ላልሆኑ በሽታዎች ክፍል ተመድባ ነበር። ከእናንተ ዘንድ የለመደችውን ይዛ ነው የመጣችው። ደብተር ገዝታ በእጇ አሰመረችው፤ ስም፣ የቀጠሮ ቀን፣ የራስ ስልክ፣ የልጅ ስልክ። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ጫማዋን እንድታወልቅ ተጠየቀች። መድኃኒቶቿን ሁሉ በፌስታል ይዛ እንድትመጣ ታዘዘች፤ ሲስተሯ አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ የሚደገመውን አወጣችው። የዓይን ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ መሆኑ ካርዷ ላይ በቀይ ተጻፈ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን ያላቸው ታካሚዎችም መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ካለ በመታወቂያቸው ይወስዳሉ። መድኃኒቱ የማይኖርበት ቀን ግን አሁንም ብዙ ነው፤ ይህን መሸፈን አይገባኝም። ሆኖም ባለፈው ፋሲካ ማግስት እናቴ ከቀጠሮ ስትቀር ስልኬ ጮኸ። «እማማ ለምን ቀሩ? ደህና ናቸው?» አለችኝ ሲስተሯ። ከእናንተ ክፍል ውጪ ይህን ጥያቄ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድሜም ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው። አሁን በክትትሉ ቀን ደም ግፊቱ ይለካል፣ ስኳሩ ይታያል። ቫይረሱ ያለባቸው ወገኖቻችን በመድኃኒቱ ምክንያት ለእርጅና በቅተዋል፤ ከእርጅና ጋር ሌላው የዕድሜ ልክ ሕመም ይመጣል። እናንተም ይህን አይታችሁ ክፍላችሁን እያሰፋችሁ ነው። በአገራችን ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች 600,000 ያህል ናቸው፤ ስኳርና ግፊት ያለባቸው ከዚህ እጅግ ይበልጣሉ፣ ብዙዎቹም ሕመሙ እንዳለባቸው ገና አያውቁም። እናንተ የምታውቁትን አሠራር ለነዚህ ሰዎች ማድረስ ከማንኛውም አዲስ ሕንፃ ይልቅ የሰው ሕይወት ያተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ እንድጽፍ ያስቸኮለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም፣ በዚያ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ መደረጉን ሰማን። ሐኪሙና ነርሱ የመንግሥት ደመወዝተኛ ስለሆኑ በቦታቸው አሉ። መጀመሪያ የሚነካው ሥራ የቆጣሪውና የፈላጊው ነው፤ የመረጃ ሠራተኛው፣ ኬዝ ማናጀሯ። በወረቀት ላይ ሲታይ መድኃኒቱ መደርደሪያው ላይ ስላለ ምንም የጎደለ አይመስልም። እኛ ቤት ግን አንዲት ሴት ካልሲ ለብሳ እንደምትተኛ ባትናገር ኖሮ ወንድሜ ዛሬ እንደማይኖር እናውቃለን። ደመወዛችሁ ዘግይቶ፣ ውላችሁ ተቋርጦ፣ በራሳችሁ የስልክ ካርድ እየደወላችሁ የቀጠላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ለእናንተ የሚበቃ ምስጋና የለኝም። እግዚአብሔር በልጆቻችሁ፣ በጤናችሁ፣ በዕድሜያችሁ ይክፈላችሁ።

ለጤና ሚኒስቴርና ለየክልሉ ጤና ቢሮ የበላይ ኃላፊዎች ደግሞ ልመና አለኝ። ከቀጠሮ የቀረውን የሚፈልግ ሰው በዕርዳታ ገንዘብ የሚመጣና የሚሄድ መሆን የለበትም። ኬዝ ማናጀርነት በመንግሥት የሥራ መደብ ውስጥ ይግባ፤ በመንግሥት በጀት ይከፈል። ይህ ሰው በኤአርቲ ክፍል ብቻ ሳይወሰን የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታና የልብ ታካሚዎችንም መዝገብ ይያዝ። እናቴን ያገኘቻት ሲስተር ደብተሩን በራሷ ገንዘብ ገዝታለች፤ ያ ደብተር በጤና ጣቢያው ወጪ ሊገዛ ይገባ ነበር።

ይህን የምታነቡ፣ መድኃኒት አቋርጣችሁ ቤት የተቀመጣችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ቀጠሮዬ አልፏልና እንዴት ተብዬ እገባለሁ ብላችሁ አትፈሩ። ነገ ጠዋት ሂዱ። ካርዳችሁ ለብቻው ወጥቶ እየጠበቃችሁ ነው።

አክባሪያችሁ፣
የአንድ ታካሚ እህት፣ የአንዲት ታካሚ ልጅ